ቀኑን ያላወቀው ቅዱስ

ማክሰኞ ማለዳ ዶኛ ግሪሴልዳ የቅዱስ ጴጥሮስን ቁም ሣጥን ሲከፍቱ ያገኙት አንድ ሸረሪት ብቻ ነው።

አዲሱን ካባ በክንዳቸው አንጠልጥለው ነበር። ከኋላቸው የዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር የላ ሶምብራ ሴቶች የወረቀት አበባቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ከኖረው በር ሁልጊዜ የሚወጣው የሰምና የአሮጌ እንጨት ሽታ ወጣ፤ የዐሥር ዓመት ልጅ የሚያክለው፣ የጢሙ ቀለም የተላጠው፣ አንድ ጣቱ የጎደለው ከእንጨት የተቀረጸው የዓሣ አጥማጆች ቅዱስ ግን የለም።

ሴቶቹ መጀመሪያ የጮኹት ለቅዱሱ ነው። ለሰው የጮኹት ቀጥሎ ነው። የጸሎት ቤቱ ጠባቂ ዶን ፌርሚን ወደ ባሕሩ በሚወርደው ደረጃ ግርጌ ራሳቸውን ተፈንክተው ተጋድመዋል፤ ጉሙ እንደ አንሶላ እስከ አገጫቸው አልብሷቸዋል። ለምን ለእንጨቱ ቀድመው ጮኹ ብሎ የሚያማ ካለ ላ ሶምብራ ይወለድና ያኔ ይማ።

"ትንፋሽ አላቸው!" አለች አንዷ።

ያ ሳምንት ጉም የወደብ ከተማዋን ቫልፓራይሶን የዋጠበት ሳምንት ነበር። ኮረብታ ላይ ያሉት ቤቶች ከሥራቸው ተቆርጠው አየር ላይ ቀርተዋል። መርከቦቹ እንደ ጠፋ ከብት ይጠራራሉ። ኢንስፔክተር ኦቲሊያ ማንሲያ ከመኪናዋ ስትወርድ እግሯ መሬት መንካቱን ለማረጋገጥ ሁለቴ ረገጠችው። እንቅልፍ ከራቃት ከርሟል፤ በእንዲህ ያለው ቀን ነቅታ ይሁን ተኝታ መለየት ያቅታታል። ሥራዋን ግን ከብዙ ነቄዎች የተሻለ ትሠራለች፤ ይህን አለቃዋም ያውቃል፤ ስለሚያውቅም አይወዳትም።

"ይህ በር ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው መቼ ነው?"

"አምና" አሉ ዶኛ ግሪሴልዳ። "ከባሕር ሲመለስ እናጥበዋለን፣ እናስተኛዋለን፣ እንዘጋበታለን። እስከ ዛሬ፣ እስከ ዋዜማው ድረስ ማንም አያየውም።"

"ማንም?"

"ቄሱም አያዩት። አንቺ ስትተኚ ሰው ቆሞ እንዲያይሽ ትፈልጊያለሽ?"

ለኦቲሊያ ጥያቄው ባልረገጠችው አገር ስላለ ዘመድ የመጠየቅ ያህል ነበር።

"ታዲያ ከዓመቱ ቀናት ባንዱ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ይችላል። ነገ ግን በዓሉ ነው፤ ነገ ወደ ባሕር መውጣት አለበት።" ሴትየዋ ካባውን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት። "ጴጥሮስ ሳይወጣ የቀረበት ዓመት አንድ ነው። አያቴ ነግራኛለች። በዚያ ዓመት ከየቤቱ ለቅሶ ነበር።"

መቀርቀሪያው አልተሰበረም፤ ቁልፍ የሚባል ነገርም ኖሮት አያውቅም። በሩ ተመልሶ በጥንቃቄ ተገጥሟል። ኦቲሊያ በደረጃው ወረደች። ግማሽ ላይ፣ ዝገት በበላው የብረት መደገፊያ ላይ፣ የጥፍር ያህል ቢጫ ጨርቅ ተሰክቶ አገኘች፤ ዓሣ አጥማጆች በዝናብ ጊዜ ከሚለብሱት፣ ዘይት ከጠጣው ካፖርት የተቀደደ።

አንሥታ ዞር ስትል ዶኛ ግሪሴልዳ ከላይ ሆነው እያዩዋት ነበር። ፊታቸው ተለወጠ። ሰፈሩ ውስጥ ቢጫ ካፖርት የሌለው ወንድ የለም። ካፖርቱ ጠፋብኝ ብሎ ከትናንት ጀምሮ የሚያማርረው ግን የእርሳቸው ልጅ ብቻ ነው።

*

ፖሊስ ጣቢያ የተቀመጠው የዶኛ ግሪሴልዳ ልጅ አብዶን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ትከሻው በር ይዘጋል፤ ድምፁ ግን የሕፃን ነው።

"ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ነው የወሰዱብኝ" አለ። "ሰኞ።"

"ሰኞ ስንት ሰዓት ላይ?"

"ከሰዓት በኋላ ነበረ፤ ሲመሽ አልነበረም። ሥራ ዝግ ነበር፣ ጉሙም ባሕር አያስወጣም፣ ሁሉም ቤቱ ተኝቷል። ማን ያያል?"

"ከዶን ፌርሚን ጋር ቅዳሜ ተጣልታችኋል።"

"ቅዱሱን የመሸከም ተራዬን ነጠቁኝ። ወደ ደቡብ ልሄድ ነው፣ የሳልሞን ዓሣ ማርቢያ ሥራ አግኝቻለሁ። 'የሚሄድ ሰው አይሸከምም' አሉኝ፤ በሰው ፊት!"

"አንተስ?"

"ጮህኩ።" ትንሽ አሰበ። "ጩኸት ራስ ይፈነክታል እንዴ?"

ኦቲሊያ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ አለቃዋ ስልክ ደወለላት። በርበሬ ማባያ የተቀባ የዱባ ጥብስ እያኘከ እንደሆነ ከአነጋገሩ ያስታውቃል፤ በእንዲህ ያለ ቀን ሌላ አይበላም።

"ካፖርቱ የርሱ፣ ጸቡ የርሱ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ቅዱሱ ራሱ መጥቶ እንዲመሰክር?"

"ቢመጣ አልጠላም።"

"ሽማግሌው ካልነቃ ነገሩ ግድያ ይሆናል። ነገ ከምሳ በፊት ልጁን ዐቃቤ ሕግ ፊት አቀርበዋለሁ። ነገ ከምሳ በፊት፣ ማንሲያ!"

ውጭ፣ አግዳሚው ላይ፣ ዶኛ ግሪሴልዳ ካባውን እንደታቀፉ ተቀምጠዋል። ኦቲሊያን ሲያዩ አልተነሡም፣ አልለመኑም።

"ልጄን ከወሰዳችሁት" አሉ ቀስ ብለው፣ "የላ ሶምብራ ሰው 'ቅዱሱን የሸጠው የግሪሴልዳ ልጅ ነው' እያለ ይኖራል። ከእስር ሰው ይወጣል። ከዚህ ግን አይወጣም።"

*

ቅዱሱን ለመግዛት የጠየቀ አንድ ሰው ነበር፤ ዶን አንሴልሞ፣ ኮረብታው ላይ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ያለው። ዶኛ ግሪሴልዳ መቅዘፊያ ይዘው እስከ አስፋልቱ አባርረውታል። ሰፈሩ ይህን ታሪክ ለማንኛውም እንግዳ ከሾርባው አስቀድሞ ያቀርበዋል።

ኦቲሊያ በኮረብታው አሳንሰር ወጣች። የእንጨት ሳጥኑ ሲጥ ሲጥ እያለ ነጭ ነገር ውስጥ ገባ፤ ከተማው ከሥር ጠፋ፤ ከላይም ገና አልመጣም። ለጥቂት ጊዜ በየትም ስፍራ አልነበረችም። ደስ አላት።

ሱቁ ውስጥ እጅ የሌላቸው መላእክት፣ ጊዜ የማይቆጥሩ ሰዓቶች፣ የሰመጡ መርከቦች ደወሎች ተደርድረዋል። ዶን አንሴልሞ ከመሀላቸው ሲነሣ እርሱም ለሽያጭ የቀረበ ይመስል ነበር።

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አንሴልሞ ሰረቀው! የዚያች ሴትዮ መቅዘፊያ አሁንም ጀርባዬ ላይ አለ፤ ልግለጥልሽ?"

"አይግለጡ። ሰኞ ሲመሽ፣ ዶን ፌርሚን ሻማ ሊለውጡ በሚወጡበት ሰዓት፣ የት ነበሩ?"

"አሁን በወጣሽበት ሳጥን ውስጥ! መሀል መንገድ ላይ ቆመብን። እኔ፣ አንዲት መነኩሲት፣ አንድ ዳቦ ሻጭና አንድ የማንም ያልሆነ ውሻ። መነኩሲቷ መቁጠሪያ ስታስቆጥረን አመሸች። ውሻው እንኳ በመጨረሻ 'አሜን' ማለት ቃጥቶት ነበር። ጠይቂያት።"

ኋላ ጠየቀቻት። እውነት ነበር። መነኩሲቷ የጨመረችው ዶን አንሴልሞ መጸለይ እንደማያውቅ ብቻ ነው።

"ቅዱሱ ዓመቱን ሙሉ እንደሚተኛ ማን ያውቃል?" አለች ኦቲሊያ።

"ማን አያውቅም? እኔ ራሴ ሱቄ ለገባ ሁሉ አወራለሁ። ሻጭ ያለ ወሬ ምንድን ነው? ግን ስሚኝ፤ ያንን ምስል እዚህ አገር ማንም አይገዛውም፤ በጎደለው ጣቱ ይታወቃል። የሚሸጠው ባሕር ከተሻገረ ብቻ ነው።"

"በመርከብ።"

"ታዲያ በምን? የመርከቡን ነገር ግን ከእኔ አትጠይቂ። ታች፣ ቪየንቶ ላርጎ የሚባል የጭነት አስተላላፊ ድርጅት አለ። ኤቫሪስቶ ሌሙስ የሚሉትን ጠይቂ፤ ከሳንቲያጎ የመጣ ነው። እዚህ እየመጣ ሁሉን ያያል፣ ምንም አይገዛም። ግን ጨዋ ነው።"

*

የኤቫሪስቶ ሌሙስ ቢሮ ሽቶ ሽቶ ይላል። ወደብ ላይ ይህ ብርቅ ነው። ግድግዳው የዓመቱን ቀናት በአራት ቀለም የያዘ ትልቅ ሰሌዳ ነው፤ ሰውየው ከፊቱ ሲቆም መሬቱን የሚያስጎበኝ ባለርስት ይመስላል።

"በዚህ አገር ጭነት የሚያቅድ ሰው መጀመሪያ የሚያጠናው ባሕሩን አይደለም፣ ኢንስፔክተር፤ በዓሉን ነው" አለ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ኦቲሊያ ዓይኖቿን ብትጨፍን የሚያስተኛት መሰላት። "በዓል ከውሃ በታች እንዳለ ድንጋይ ነው። ካርታ የሌለው ይጋጨዋል። ሴፕቴምበርን ይዩ። ጀርመን ያለው ደንበኛዬ የነጻነት በዓላችን አንድ ቀን ይመስለዋል። እኔ ግን ሹፌሮቹ ከሳምንት በፊት በልባቸው እንደሄዱ አውቃለሁ። ባዶ ኮንቴይነር አይገኝም፣ ስልክ አይነሣም፣ ከበዓሉም በኋላ አገሩ ራሱን ያመዋል። ስለዚህ ጭነቱን አስቀድሜ አስወጣለሁ። በዓልና ቅዳሜ መሀል የተጣበቀውን አንድ ቀን፣ ሳንድዊች የምንለውን፣ ከነጭራሹ ከዓመቱ ሰርዤዋለሁ።"

"አንድ የተሰረቀ ዕቃ ማውጣት የሚፈልግ ሰውስ እንዴት ያቅዳል?"

ሳቀ። "ጥሩ ጥያቄ ነው። ከረጅሙ እረፍት በፊት። ዓርብ ሁሉም ይጣደፋል፤ ፈታሾቹም ልባቸው ቤታቸው ነው። የዓርቧ መርከብ አሁን ወደ ፔሩ ተቃርባለች። እኔ እርስዎን ብሆን ወደ ካያዎ ወደብ መልእክት እልክ ነበር።"

"የእርስዎስ ቀጣይ መርከብ?"

"ነገ ጠዋት፣ ወደ ሮተርዳም። ፖም ብቻ። ዛሬ ጠዋት ታሽጎ ወደብ ገብቷል፤ የሦስት ቀን ጭነት አንድ ላይ መጥቶባቸው የፈታሾቹ ወገብ ጎብጧል፣ ምስኪኖች።" እስከ በሩ ሸኛት። ያዘነ መሰለ፤ ምናልባትም አዝኖ ነበር። "የዓሣ አጥማጆቹ ነገር ግን አንጀቴን በላው። በዓላቸው ባለፈ ማግስት እንዲህ ያለ ዱብ ዕዳ!"

ኦቲሊያ አመስግና ወጣች፤ ለካያዎም ጻፈች። ሐሳብ ሐሳብ ነው፤ ከሽቶ ቤትም ቢመጣ።

*

ዶን ፌርሚን የነቁት ወደ ማታ ነው። የሆስፒታሉ መስኮት ባሕሩን ያያል ይባላል፤ ያን ዕለት የሚያየው ነጭ ጥጥ ነበር።

"ይቃዣሉ፤ አትመኚያቸው" አለች ነርሷ።

ኦቲሊያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የሚቃዥ ሰው ታከብራለች፤ ቢያንስ ይተኛል።

"ማን ነው የመታዎት፣ ዶን ፌርሚን?"

"ማንም አልመታኝም። ቅዱሱ ገፋ አደረገኝ።"

ነርሷ ከንፈሯን ነከሰች።

"ሰኞ ሲመሽ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ሻማ ልለውጥ ስወጣ፣ ደረጃው አፋፍ ላይ፣ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ቢጫ ካፖርት ለብሷል። በእግሩ አይራመድም፤ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። የመንኮራኩር ድምፅ ሰማሁ።"

"የመንኮራኩር?"

"የመላእክት ይሆናል ብያለሁ። ተንበረከክሁ። 'ጴጥሮስ ሆይ፣ ገና ነው፣ ወዴት ትሄዳለህ?' አልኩት።"

"እሱስ መለሰልዎ?"

ዓይናቸው እንባ ሞላ። "መለሰ። ከኋላው የሚመጣ ድምፅ ነበር። 'በዓሉ አልፏል፤ ግባና ተኛ' አለኝ። እንደሱ ያለ ለስላሳ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አልፏል! እኔ ልብሱን ያጠብሁለት፣ እኔ ጣቱ ሲሰበር ያለቀስሁለት! ልጄ፣ ልጠይቅሽ፤ የገዛ ቀኑን የማያውቅ ቅዱስ አለ? ደግሞ ሽቶ ይሸታል። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ዓሣ ሲል ኖሮ፣ ዛሬ ሽቶ?"

ከሩቅ አንዲት መርከብ ጮኸች። ለኦቲሊያ የቀኑ ጉም ሁሉ በአንድ በኩል ተሰብስቦ በሌላው በኩል መንገድ የለቀቀላት መሰላት።

ጴጥሮስ ወጳውሎስ ዘንድሮ የሚውለው ረቡዕ ነው፣ ማለትም ነገ። መንግሥት ግን ለሠራተኛው ረጅም እረፍት ይሁን ብሎ በዓሉን ወደ ሰኞ ጎትቶታል። ሰኞ ባንኩ፣ ጉምሩኩ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ተዘጋ። ላ ሶምብራ ግን የመንግሥትን ሰኞ በአልጋዋ ላይ አሳለፈችው፤ እዚያ ቅዱስ በደብዳቤ አይዛወርም።

አሁን አንድ የላ ሶምብራ ልጅ ሌባ ቢሆን ምን ያደርጋል? ይጠብቃል። ረቡዕ ያልፍ፣ ቅዱሱ ይተኛ፣ በሩ ይዘጋ፤ ከዚያ ቢወስደው እስከ ከርሞ የሚያውቅበት የለም። ሊከፈት አንድ ቀን የቀረውን ቁም ሣጥን የሚሰርቅ እብድ ነው። ወይም በዓሉ ሰኞ ያለፈ የመሰለው ሰው ነው። መጣ፤ በሩን ተዘግቶ አገኘው፤ 'ቅዱሱ ተኝቷል፣ ዓመት አለኝ' ብሎ ተደሰተ። ጥበቡ ሁሉ ትክክል ነበር። የተጋጨው ካርታው ላይ ከሌለ ድንጋይ ጋር ነው።

"በዓላቸው ባለፈ ማግስት" አለች ኦቲሊያ ለራሷ።

"ምን አልሽ?"

"እውነትዎን ነው አልኩ። ቀኑን የማያውቅ ቅዱስ የለም።"

ልትወጣ ስትል ሽማግሌው እጇን ያዙ። "አብዶን የታለ? ሳይጠይቀኝ አይቀርም ነበር።"

መያዙን ነገረቻቸው።

"ተራውን የነጠቅሁት እንዳይሄድ ብዬ ነው" አሉ። "እንጂማ... ንገሪው። ነገ ቅዱሱን ሲሸከም በቀኝ በኩል ይያዝ። የግራው እንጨት ይወጋል።"

*

"በሽማግሌ ቅዠት መርከብ ላቁም?" አለ አለቃዋ በስልክ። "አንድ የሽቶ ሽታና አንድ ለስላሳ ድምፅ! እንደዚያ ከሆነ ግማሹን ሳንቲያጎ አስራለሁ። ነገ ከምሳ በፊት፣ ማንሲያ።"

እንደ ልማዷ ሳትተኛ ነጋ። ወደብ ስትደርስ ጉሙ እዚያው ነው፤ አንድ ነገር ግን ጎድሏል። ድምፅ የለም። ክሬኖቹ አንገታቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆመዋል። ሠራተኞቹ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው በኮንቴይነሮቹ መሀል ተቀምጠዋል፤ ዳቦና ሻይ ይዘዋል፣ አንዳንዱ ባርኔጣው ላይ የወረቀት አበባ ሰክቷል። ኦቲሊያ ፈገግ አለች። የክሬን ሠራተኛው ሁሉ ልጅ፣ አማች ወይም አበልጅ ላ ሶምብራ አለው። የቅዱሱ ጀልባ ወጥታ እስክትመለስ እዚህ ወደብ ላይ እንኳን ኮንቴይነር ሚስማርም አይነሣም። ይህ በየትም አልተጻፈም፤ ማንም እንዲጻፍ አልጠየቀም።

ከነጩ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ይጮኻል። ለስላሳነቱ አልቋል።

"ተነሡ እንጂ! መርከቧ ይህ ሰዓት ካለፈባት ተራዋን ታጣለች! ዛሬ እኮ የሥራ ቀን ነው! በዓሉ ሰኞ ነበር!"

"የመንግሥት ሰኞ ነበር፣ ጌታዬ" አለ አንድ ወፍራም የክሬን ሠራተኛ ሻይውን እያማሰለ። "የጴጥሮስ ዛሬ ነው።"

"ምን ማለት ነው ዛሬ? ሰኞ አላወጣችሁትም?"

"በሰው በዓል የኛን ቅዱስ?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። ኤቫሪስቶ ሌሙስ ግን ሳቁን አልሰማም። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲከፈት ኦቲሊያ አየች፤ እንደ ቁም ሣጥን በር፣ ውስጡ ባዶ።

"እንደምን አደሩ፣ ዶን ኤቫሪስቶ" አለች። "ትናንት ያስተማሩኝን ሳስብ አደርሁ። ሌባ ከረጅሙ እረፍት በፊት ይጭናል አሉኝ። ግን ከእረፍቱ በኋላስ? ሦስት ቀን የተጠራቀመ ጭነት፣ ወገቡ የጎበጠ ፈታሽ። እኔ ብሆን ማክሰኞ ጠዋት እጭን ነበር።"

"ጎበዝ ተማሪ ነዎት።" ሊስቅ ሞከረ።

"የፖሙ ኮንቴይነር የትኛው ነው?"

"ብዙ ናቸው። እኔ አንዱን ከአንዱ አልለይም።"

"የማይለዩት ከሆነ" አለች፣ "ለምን ከዚህኛው ፊት ቆመው ይጮኻሉ?"

ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ጀርባው ነጭ ኮንቴይነር ሊነካ ደርሶ ነበር። ማቀዝቀዣው ቀስ ብሎ ያጉረመርማል፣ እንደተኛ ሰው።

የጉምሩክ ተረኛዋ ማኅተሙን ቆረጠች። ፖም፣ ፖም፣ አሁንም ፖም። ሠራተኞቹ ሳይጠሩ መጥተው ሳጥኑን እየተቀባበሉ አወጡ። ከመጨረሻው ረድፍ በስተኋላ፣ በአንድ የእጅ ጋሪ ላይ ታስሮ፣ በጉሙ ያየው ሁሉ ዓሣ አጥማጅ ነው ብሎ እንዲያልፈው ቢጫ ካፖርት ያለበሱት አንድ ልጅ የሚያክል ሰው ቆሟል። ጢሙ ላይ አመዳይ ተጋግሯል። የተነሣው እጁ አንድ ጣት ይጎድለዋል። ካፖርቱ ክርኑ ላይ በሰማያዊ ጨርቅ ተጥፏል፤ ከሥሩ፣ መደገፊያ የያዘው ቦታ፣ የጥፍር ያህል ተቀድዷል።

ሠራተኞቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ዓመት ሙሉ ማንም አያየውም" አለ ኤቫሪስቶ። ድምፁ ወደ ለስላሳነቱ ተመልሷል። "ማንም የማያየው ነገር የማን ነው? ከባሕር ማዶ ያለው ገዢ ጠዋት ማታ ያየው ነበር።"

"ሰው ስለተኛ ቤቱን ይለቅቃል?" አለች ኦቲሊያ። "ሽማግሌውስ?"

"ገፋ አደረግሁት። ደረጃው መቅረቡን ጉሙ ጋርዶብኝ..." አልጨረሰውም። "የአገሩን በዓል በሙሉ አውቃለሁ፣ ኢንስፔክተር። አንድም አይቀረኝም።"

"ያውቋቸዋል" አለች። "አንዱንም ግን አላከበሩም።"

*

ዶኛ ግሪሴልዳ ካባውን ይዘው በሩጫ ደረሱ። ከኋላቸው አብዶን ነው፤ አለቃው "እኔ መቼ እሱ ነው አልኩ?" ብሎ ለቆታል። እናትየው ቅዱሱን ሲያዩ ካባውን ሊያለብሱ እጃቸውን ዘረጉ፤ የእንጨቱን ጉንጭ ነክተው ግን ቆሙ።

"በረዶ ሆኗል" አሉ። "ካፖርቱን አታውልቁበት። ካባው ለከርሞ ይሁን።"

"ይህን ሁሉ ሰፍተሽ?" አለች አንዲት ጎረቤት።

"አንቺ ብርድ ላይ ቆመሽ ልብስ ትመርጫለሽ?"

ኦቲሊያ ወደ አብዶን ጠጋ አለች። "መልእክት አለህ። በቀኝ በኩል ያዝ፣ የግራው ይወጋል ብለዋል።"

ልጁ ዞሮ አፍንጫውን ጠረገ፤ ከዚያ ሄዶ የቀኙን እንጨት ትከሻው ላይ አደረገ።

እንዲህ ነው ዘንድሮ ጴጥሮስ ከትልቁ ወደብ የወጣው፣ ፖም ፖም እየሸተተ። ጀልባዎቹ በአበባቸውና በሰንደቃቸው ከጉሙ አንድ በአንድ እየወጡ ከኋላው ተሰለፉ። ትልልቆቹ መርከቦች ጮኹ፤ የሮተርዳሟም ጮኸች። በመጀመሪያዋ ጀልባ ላይ፣ በቅዱሱ እግር ሥር፣ ኢንስፔክተር ኦቲሊያ ማንሲያ ለአንድ አፍታ ብላ ራሷን ቢጫው ካፖርት ላይ ደገፍ አደረገች። ሲያዩዋት ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ዶኛ ግሪሴልዳ ካባውን ዘርግተው አለበሷት፤ ፊታቸውንም ወደ ባሕሩ መለሱ፤ የተኛ ሰው አይታይም።

ኮረብታው ላይ፣ በሆስፒታሉ መስኮት፣ ጉሙ ለአንድ አፍታ ተቀደደ። ነርሷ ዶን ፌርሚንን በትራስ ደገፈቻቸው። ከታች፣ እጅግ ሩቅ፣ ግራጫው ውሃ ላይ አንዲት ቢጫ ነጥብ ወደ ሰፊው ባሕር ትሄዳለች።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞሩ።

"ይቃዣሉ ስትዪኝ አልነበር?" አሏት። "ካፖርት ለብሶ ነው የወጣው።"